ሥዕልና ባንዲራ፦ አሥር ቀን በባቡር

የሥነ ጥበብ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ይህን ትምህርት ማን ጀመረው? ለምንስ ጀመረው?» ይለኛል። «ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን» ብዬ አልፋለሁ። «ለምን» የሚለውን ግን በቅጡ መልሼ አላውቅም። ዘንድሮ እረፍቴን አጠራቅሜ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ደብተር ይዤ፣ ትምህርቱ ያደገባቸውን ከተሞች በባቡር ለመዞር ተነሣሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቀን 1፣ እሑድ፦ ጎቲንገን

ጎቲንገን ትንሽ ከተማ ናት። ከጣቢያው እስከ መሀል ከተማ በእግር ስሄድ ያገኘሁት ሰው አብዛኛው ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1737 ተከፈተ፤ እኔን ያመጣኝ ግን አንድ ሰው ነው፣ ዮሐን ዶሚኒኩስ ፊዮሪሎ። ሐምቡርግ ተወልዶ፣ ሮምና ቦሎኛ ሥዕል ተምሮ፣ በ1781 እዚህ መጣ። መጀመሪያ የሥዕል መምህር ነበር፤ ቆይቶ የዩኒቨርሲቲውን የኅትመት ሥዕሎች ስብስብ እንዲጠብቅ ኃላፊነት ተሰጠው። በ1813 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ከዩኒቨርሲቲ በር የገባው በእሱ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስብስቡን አየሁት። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ብርሃን በተቀነሰበት፣ ወረቀቶቹ ተራቸውን ጠብቀው ተሰድረዋል። ፊዮሪሎ ተማሪዎቹን በእነዚህ ወረቀቶች ዙሪያ ሰብስቦ ሲያስተምር ታየኝ። ከእሱ በፊት የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፉት ብዙዎቹ ሰውን ከሰው ነበር የሚያስከትሉት፤ እገሌ የእገሌ ደቀ መዝሙር እያሉ። እሱ ግን ከ1798 እስከ 1808 ያሳተማቸውን አምስት ቅጾች በሀገር ከፈላቸው፤ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ብሪታንያ። የጀርመንን ታሪክ ለብቻው መጻፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በ1815 ነው፤ ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ በተሸነፈበት ዓመት።

ያን ጊዜ ጀርመን የሚባል መንግሥት አልነበረም። መንግሥት ሳይኖር የሥዕሉ ታሪክ በአራት ቅጽ ተጻፈ። ይህን ደብተሬ ላይ አሰመርኩበት።

ቀን 2፣ ሰኞ፦ በርሊን

ሰኞ ሙዚየሞቹ ዝግ እንደሆኑ አውቄ ነው የመጣሁት። ከውጭ የማየው ነገር ነበረኝ። አልቴስ ሙዚየም ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቆምኩ፤ አሥራ ስምንቱ አምዶች እንደ ዘብ ተሰልፈዋል። ካርል ፍሪድሪኽ ሺንክል የነደፈው ይህ ቤት በ1830 ሲከፈት በአንድ ወገን የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ በሌላው ካቴድራሉ፣ ከወንዙ ማዶ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ነበሩ። ዙፋን፣ መቅደስ፣ ጦር። ሥዕል አራተኛ ሆኖ ከእነርሱ እኩል ተቀመጠ።

ለምን እንዲህ ያለ ቦታ ተሰጠው? መልሱ በከፊል ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ወደ ምዕራብ፣ ብራንደንቡርግ በር አናት ላይ አለ። በ1806 ናፖሊዮን በርሊን ሲገባ በአራት ፈረስ የሚጎተተውን የድል ሠረገላ አስወርዶ ፓሪስ ላከው። የፓሪሱ ሙዚየም የሉቭር ኃላፊ የነበረው ቪቫን ዴኖን ደግሞ ከበርሊን፣ ከካሰልና ከብራውንሽቫይግ ሥዕሎችን መርጦ አስጫነ። ሠረገላው በ1814፣ ሥዕሎቹም ብዙዎቹ ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ከተሸነፈ በኋላ ተመለሱ። ሲሄዱ የመሳፍንት ንብረት ነበሩ፤ ሲመለሱ ግን ሰው «የእኛ» ማለት ጀምሮ ነበር። ሰው ንብረቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሲወሰድበት ነውና።

የሥዕል ክፍሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ጉስታፍ ፍሪድሪኽ ቫገን በ1844 እዚሁ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1822 ስለ ቫን አይክ ወንድማማቾች ያሳተመው መጽሐፍ ሠዓሊን በሰነድና በሥራው ምርመራ ለመረዳት የሞከረ ነው፤ ዛሬም ስለ አንድ ሠዓሊ የሚጻፍ ጥናት መንገዱ ይኸው ነው። ደግሞም ቫን አይክን በርሊን ላይ ማጥናት ይቻል ነበር። የፕሩሲያ ንጉሥ በ1821 ኤድዋርድ ሶሊ ከተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ሦስት ሺህ ያህል ሥዕሎች ሲገዛ፣ ቫን አይክ ወንድማማቾች የሣሉት የጌንት ከተማ ታላቅ የመሠዊያ ሥዕል የጎን መከለያዎች አብረው መጥተዋል። ፊትና ጀርባ የተሣሉ ሳንቃዎች ነበሩ። በ1894 ሁለቱም ገጽ በአንድ ጊዜ እንዲታይ ሳንቃዎቹን በውፍረታቸው ለሁለት ሰነጠቋቸው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይቀፈኛል። በገንዘብ የተገዙ ናቸው፤ ማንም አልዘረፋቸውም። ሆኖም አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የ1919ኙ የቬርሳይ ውል ጀርመን እነዚህን መከለያዎች ለቤልጅየም እንድታስረክብ አዘዘ። ስለ ድንበርና ስለ ካሳ በሚናገር ሰነድ ውስጥ የአንድ ሥዕል ሳንቃዎች በስም ተጠርተው ገቡ። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ምሁራን «ሥዕል የሕዝብ ነፍስ ነው» ሲሉ ኖረዋልና፣ ዲፕሎማቶቹ ቃላቸውን አመኑዋቸው።

ቀን 3፣ ማክሰኞ፦ በርሊን

ጠዋት አልተ ናሲዮናልጋለሪ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት አንገቴን ቀና አድርጌ በጣሪያው ሦስት ማዕዘን ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ለጀርመን ጥበብ» ይላል፣ 1871 ብሎ። ቤቱ የተከፈተው በ1876 ነው፤ 1871 ግን የጀርመን ግዛት አንድ የሆነበት ዓመት ነው። ግንባሩ ላይ የራሱን ሳይሆን የሀገሩን የልደት ዓመት የጻፈ ሙዚየም ነው።

ውስጡ ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። ከ1896 ጀምሮ ዳይሬክተር የነበረው ሁጎ ፎን ቹዲ የማኔን «በአትክልት ቤት ውስጥ» የተባለ ሥዕል አስገባ፤ በተከታዩ ዓመት ሴዛንን፣ ያን ጊዜ ሙዚየሞች የማይደፍሩትን። ለጀርመን ጥበብ ተብሎ በተሠራ ቤት የፈረንሳይ ሥዕል! ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ዳግማዊ ተቆጣ፤ ግዢ ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይፈጸም አዘዘ። ቹዲ በ1909 በርሊንን ለቀቀ።

ይኸው ቹዲ ደግሞ በ1906 ከባልደረቦቹ ጋር የመቶ ዓመቱን የጀርመን ሥዕል እዚህ አሳይቷል። ዛሬ የሀገሩ ትልቅ ሠዓሊ የሚባለው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ ከመረሳት የወጣው በዚያ ዐውደ ርእይ ነው። «መነኩሴው በባሕር ዳር» ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ሰማዩ ሥዕሉን ከሞላ ጎደል ይዞታል፤ መነኩሴው እንደ ጣት ጫፍ ነው። ይህ ሰው በ1840 ሲሞት አስታዋሽ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ጀርመን «ሁልጊዜም የእኔ ነበር» የምትለውን ሠዓሊ ፈልጎ ያገኘላት፣ የፈረንሳይ ሥዕል ገዛህ ተብሎ የተወቀሰው ሰው ነው።

ቀን 4፣ ረቡዕ፦ ድሬስደን

እዚህ የመጣሁት አንድ ቅጂ ለማየት ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሆልባይን ለባዝል ከንቲባ ለማየር ቤተሰብ የሣላት ማርያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ቦታ ትገኝ ነበር፤ አንዷ ድሬስደን፣ አንዷ ዳርምሽታት። የድሬስደኗን ጀርመኖች ከራፋኤል የሲስቲን ማርያም ጋር ያነጻጽሯት ነበር፤ ጣሊያን ራፋኤል አላት፣ እኛም ሆልባይን አለን እያሉ። በ1871፣ ግዛቱ በታወጀበት ዓመት፣ ሁለቱ እዚህ ከተማ ጎን ለጎን ተሰቀሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁራን ተሰብስበው መረመሩና የዳርምሽታቷ ዋናዋ ናት፣ የድሬስደኗ በኋላ የተሠራች ቅጂ ናት ብለው ፈረሙ። ሠዓሊዎች በበኩላቸው «የእኛዋ ትበልጣለች፣ ፊቷን እዩት» የሚል ሌላ መግለጫ ፈረሙ። ጉስታፍ ፌክነር የተባለ ምሁር ሕዝቡ አስተያየቱን እንዲጽፍ መዝገብ አስቀመጠ፤ ከ11 ሺህ በላይ ከሆኑት ጎብኚዎች የጻፉት 113 ብቻ ነበሩ።

ምሁራኑ ልክ ነበሩ። የድሬስደኗ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በባርቶሎሜዎስ ዛርቡርግ የተሠራች ናት። ዛሬ ፊቷ ቆሜ ሳያት ታምራለች፤ ሠዓሊዎቹም አልተሳሳቱም እላለሁ፣ የተጠየቀው ጥያቄ ግን የውበት አልነበረም። «ማን፣ መቼ» የሚለው ጥያቄ «ምን ይሰማሃል» ከሚለው የተለየው እዚህ ነው፤ ትምህርቱ ራሱን ችሎ የቆመው በዚያ ዓመት ነው ብዬ አምናለሁ። ያቆመውም የራሱን ሀገር ተወዳጅ ሥዕል «ቅጂ ነው» ለማለት መድፈሩ ነው።

ቀን 5፣ ሐሙስ፦ በመንገድ

ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ ዋልኩ። የኤልቤ ወንዝ እስከ ቼክ ድንበር ድረስ በመስኮቴ በኩል አብሮኝ መጣ፤ ገደሉ ፍሪድሪኽ የሣለው ገደል ነው። ማታ ቪየና ገባሁ።

ቀን 6፣ ዓርብ፦ ቪየና

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞኝ አደረ። በርሊን አንድ ቋንቋ ለሚናገር ሕዝብ ሙዚየም ሠራች፤ እሺ። ጀርመንኛ፣ ሀንጋሪኛ፣ ቼክኛ፣ ፖላንድኛ፣ ክሮኤሽኛ፣ ጣሊያንኛ የሚነገርባት ቪየናስ የማንን ጥበብ ልትጽፍ ነው?

መጀመሪያ ቤልቬዴር ቤተ መንግሥት ሄድኩ። ክርስቲያን ፎን ሜሔል በ1781 የነገሥታቱን ሥዕሎች በየሀገሩ ስልትና በዘመን ቅደም ተከተል የሰቀለው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሥዕል የሚሰቀለው ግድግዳው እንዲያምር ነበር፤ ትልቁ ከትልቁ፣ ቀዩ ከቀዩ። ሜሔል ጎብኚው እየተራመደ ታሪክ እንዲያነብ አደረገ። ዛሬ በየትኛውም ሙዚየም «የጣሊያን ክፍል»፣ «የፍላንደርስ ክፍል» ስንል ያንን እየተከተልን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽቱበንሪንግ ላይ ወዳለው የተግባረ ጥበብ ሙዚየም ተሻገርኩ። መሥራቹ ሩዶልፍ አይተልበርገር ከ1848ቱ አብዮት ጋር የቆመ ለዘብተኛ ነበር። ሆኖም የትምህርት ሚኒስትሩ ሌኦ ቱን በ1852 የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ታሪክ ፕሮፌሰር አስደረገው። መንግሥቱ ከሁለት ዓመት በፊት ቅርሶችን የሚመዘግብና የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ የሚመዘግብ ሰው ደግሞ መማር አለበት። እዚህ ላይ «ለምን» ለሚለው ጥያቄ አንድ ደረቅ ግን እውነተኛ መልስ አገኘሁ። መንግሥት የትኛው ግንብ እንዳይፈርስ፣ የትኛው ሥዕል ከሀገር እንዳይወጣ የሚነግረው ሠራተኛ ያስፈልገው ነበር።

የምንጣፎቹ ክፍል ውስጥ አሎይስ ሪግልን አሰብኩት። አሥር ዓመት ያህል የዚህ ቤት የጨርቃ ጨርቅ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሌሎች ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታላላቅ ሕዝቦች ሲጽፉ እሱ የምንጣፍ ጠርዝ ላይ ያለ ሐረግ ይከተል ነበር። በ1893 ባሳተመው ጥናቱ ከግብፅ የሎተስ አበባ ተነሥቶ፣ በግሪክ አልፎ፣ የእስልምናው ዓለም ሐረግ ድረስ አንድ ክር ሳይበጠስ እንደሚሄድ አሳየ። ሐረጉ ድንበር ሲደርስ አይቆምም። አንድ ምንጣፍ አጠገብ ተንበርክኬ ጠርዙን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ጠባቂዋ ፈገግ ብላ «ብዙ ሰው እንደዚህ ያደርጋል» አለችኝ።

የቪየናን ተማሪዎች ሳስብ ነገሩ ይገለበጣል። ከዚህ ተምረው የወጡት ወደየሀገራቸው ተመልሰው በግዛቱ ላይ የየራሳቸውን ብሔራዊ ታሪክ ጻፉበት። ኢዚዶር ክርሽንያቪ ዛግሬብ ላይ ትምህርቱን ጀመረ፤ ኢዚዶር ፃንካር ሉብልያና ላይ በ1919 የተከፈተውን ዩኒቨርሲቲ ተቀላቀለ። የሪግል ተከታይ ማክስ ድቮርዣክ ቼክ በመሆኑ ሹመቱን የጀርመን ብሔርተኞች ተቃወሙ። በ1909 ዩኒቨርሲቲው ሁለት ፕሮፌሰሮችን ጎን ለጎን ሾመ፤ ድቮርዣክንና ዮሴፍ ሽትሪዝጎቭስኪን፤ ከዚያም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የተለያዩ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋማት ሆኑ። ሽትሪዝጎቭስኪ ዓይኑን ከሮም አንሥቶ ወደ አርመንና ሶርያ በማዞሩ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ የሕንጻን ቅርጽ ከዘር ጋር ማያያዝ ጀመረና መጨረሻው የሰሜን ዘር የበላይነት ስብከት ሆነ። እሱን ሳነብ ሁልጊዜ አዝናለሁ። አዲስ ካርታ የከፈተ ሰው ካርታውን ለማን እንዳስረከበው ሳስብ ነው የማዝነው።

ቀን 7፣ ቅዳሜ፦ ኑረንበርግ

አጭር ቀን ነበር፤ እግሬም ደክሟል። የዱረርን ሐውልት አየሁ፤ መሠረቱ በ1828 ሠዓሊው በሞተ በ300ኛ ዓመቱ ተጣለ፣ በ1840 ቆመ። ንጉሥ ወይም ጄኔራል የሚቆምበት አደባባይ ላይ ሠዓሊ ቆመ። ከዚያ በ1852 ወደተመሠረተው ጀርመናዊ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ፤ ጀርመን ከመመሥረቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ከጀርመኖች ሁሉ ጀርመናዊ የተባለው የዱረር አባት ከሀንጋሪ የመጣ ወርቅ አንጥረኛ ነበር።

ቀን 8፣ እሑድ፦ ሽትራስቡርግ

ጀርመናዊው ጸሐፊ ጎተ በወጣትነቱ እዚህ ተማሪ ሳለ ካቴድራሉን አየና በ1772 ስም ሳይጠቅስ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ ይህ የጀርመን ግንባታ ነው፣ ጣሊያንም ፈረንሳይም የእኔ ሊለው አይችልም ብሎ። ከተማዋ ግን ከ1681 ጀምሮ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ከቀዩ ድንጋይ ሥር ቆሜ ወደ 142 ሜትሩ ጫፍ ሳንጋጥጥ የጎተ ስሜት ገባኝ። ስሜቱ እውነት ነው፤ ያወጣለት ስም ነው ያልሆነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳምማል። በነሐሴ 1870 የጀርመን ጦር ከተማዋን ሲደበድብ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የአበምኔቷ ኽራድ የ12ኛ ክፍለ ዘመን ባለ ሥዕል መጽሐፍ፣ «የደስታ ገነት» የሚባለው፣ አብሮ ነደደ። የጀርመን ካቴድራል ነው የተባለባትን ከተማ የጀርመን መድፍ አቃጠላት። በ1872 ጀርመን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ከፈተች፤ በዋናው ሕንጻ ግንባር ላይ በላቲን «ለትምህርትና ለአባት ሀገር» ብላ ጻፈች። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ደረጃው ላይ ሰው የለም፤ ጽሑፉን ብቻዬን አነበብኩት።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ጌኦርግ ዴሂዮ ከ1892 ጀምሮ እዚህ አስተማረ። ከ1905 እስከ 1912 በአምስት ቅጽ ያወጣውን የጀርመን ቅርሶች መዘርዝር ጀርመኖች ዛሬም እያሻሻሉ ያሳትሙታል፣ «ዴሂዮ» ብለው ይጠሩታል። ፍርስራሽን ማደስ ሳይሆን እንዳለ መጠበቅ ይገባል ብሎ የተሟገተ ሰው ነው፤ በዚህ እወደዋለሁ። ብሔርተኛም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ፈረንሳይ ስትመለስ ከተማዋን ለቆ ወጣ። በፈረንሳይ ወገንም ነገሩ አልተለየም፤ የሬምስ ካቴድራል በ1914 በጀርመን መድፍ ከተመታ በኋላ የሶርቦኑ ኤሚል ማል ጀርመኖች በጥበብ አንዳች የፈጠሩት ነገር የለም ብሎ ጻፈ። መካከለኛውን ዘመን እንደ እሱ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ እውቀቱ ከቁጣው አላዳነውም።

ቀን 9፣ ሰኞ፦ ኮሎኝ

የአክስቴ ልጅ እዚህ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ከጣቢያው በር እንደወጣን ካቴድራሉ ፊታችን ተገተረ፤ 157 ሜትር፣ ጥቁር። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም» አለኝ። አብረን ገባን።

በ1248 ተጀምሮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደቆመ ነገርኩት። ደቡባዊው ግንብ ላይ የእንጨት ክሬን ለመቶ ዓመታት እንደ ተሰቀለ ቀረ። በ1814 የፊት ገጹ ዋና ንድፍ ግማሽ ዳርምሽታት ተገኘ፤ ሌላው ግማሽ በ1816 ፓሪስ ተገኘ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አራት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ብራና ሆነ። በዚያው 1814 ጋዜጠኛው ዮሴፍ ጎረስ ካቴድራሉ ይጨረስ፣ የነጻነታችን ሐውልት ይሁን ብሎ ጻፈ። በመስከረም 4 ቀን 1842 ፕሮቴስታንቱ የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም አራተኛ መጥቶ ለዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ አኖረ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሊቀ ጳጳሱን ያሰረው ይኸው መንግሥት ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና፣ ከሕዝብ መዋጮና ከሎተሪ መጣ። በጥቅምት 15 ቀን 1880 ተፈጸመ፤ በዚያን ቀን የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ በስደት ላይ ነበር።

«መቼም የጀርመን ኩራት ነው» አለ የአክስቴ ልጅ።

ግንባታው ዳግም በተጀመረበት ጊዜ አካባቢ፣ ፍራንዝ ሜርተንስንና ፍራንዝ ኩግለርን የመሳሰሉ ጀርመናውያን ምሁራን ዓመትን ከዓመት፣ ምሰሶን ከምሰሶ እያነጻጸሩ ጎቲክ የሚባለው የካቴድራሉ የግንባታ ስልት የተወለደው ፓሪስ አካባቢ እንደሆነ ያሳዩ ነበር አልኩት። በ1140ዎቹ በሳን ዴኒ ተጀመረ፤ የኮሎኝ ካቴድራል ደግሞ በ1220 የተጀመረውን የፈረንሳዩን የአሚያን ካቴድራል ይከተላል።

ቆም አለ። «ታዲያ ጋሼ፣ የፈረንሳይ ስልት መሆኑን ካወቁ ለምን ጨረሱት?»

ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። ወደ ጣሪያው አንጋጠን ትንሽ ቆየን። ሰው አስቀድሞ ወዶታልና ይመስለኛል አልኩት፤ ማስረጃው ሲመጣ ፍቅሩ መሠረት ጥሏል፣ ድንጋይ ደርድሯል። ያንን ማስረጃ ያመጡት ግን የጠላት ሀገር ሰዎች አልነበሩም። ከተማው ሁሉ «የእኛ» ሲል «አይደለም፣ እዩት» ያሉት እዚሁ የተማሩ ጀርመናውያን ነበሩ። ተማሪዎቼ ከዚህ ትምህርት ምን እንዲይዙልህ ትፈልጋለህ ብባል ይህንን ነው የምለው።

«የማንም ይሁን፣ ነገ ደግሞ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

ቀን 10፣ ማክሰኞ፦ ሐምቡርግ

ሃይልቪግሽትራሰ ላይ ያለው ቤት ጸጥ ባለ ሰፈር ነው። አስቀድሜ ጽፌ ነበርና አንዲት ሴት በር ከፈተችልኝ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ አቢ ቫርቡርግ በ1926 የከፈተው የንባብ አዳራሽ ሞላላ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ ሀብቱን መጽሐፍ ላይ አፈሰሰው። በ1912 ሮም በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ፌራራ ውስጥ ያለን የግድግዳ ሥዕል ሲተነትን፣ ምስሎቹ ከግሪክ ተነሥተው በሕንድና በዐረብ የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ዞረው ጣሊያን እንደደረሱ አሳየ። ባልደረቦቹንም እንደ ድንበር ጠባቂ ማሰብ እንዲተዉ ለመናቸው።

በሚያዝያ 1933 የወጣው ሕግ አይሁድ ምሁራንን ከመንግሥት ሥራ አስወጣ። እዚሁ ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ፕሮፌሰር የነበረው ኤርቪን ፓኖፍስኪ መባረሩን የሰማው ኒው ዮርክ ሳለ በቴሌግራም ነው፤ ወረቀቱ የታሸገበት ቁራጭ ላይ የፋሲካ መልካም ምኞት ታትሞበት ነበር። ቫርቡርግ በ1929 ሞቷል። ባልደረቦቹ ፍሪትዝ ሳክስልና ጌርትሩድ ቢንግ በታኅሣሥ 1933 የዚህን ቤት 60 ሺህ ያህል መጻሕፍት በ531 ሣጥን አሳሽገው፣ ኸርሚያና ጄሲካ በተባሉ ሁለት መርከቦች ወደ ለንደን ላኩ። በ1936 የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ኧርንስት ጎምብሪች ከቪየና ወደ መጻሕፍቱ ሄደ።

አዳራሹን ዞርኩት። መደርደሪያዎቹ በግድግዳው ጥምዝ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ጣቴን በአንዱ ጠርዝ ላይ አሳለፍኩ። ወደ አዳራሹ በሚያስገባው በር አናት ላይ በግሪክ ፊደል አንድ ቃል ተቀርጿል፤ ምኔሞሲኔ፣ ትዝታ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አሳየችኝ። መጻሕፍቱ ሲጫኑ ይህ ቃል እዚሁ ቀረ፤ ለንደን ላይ ደግሞ ሌላ አስቀርጸው በራቸው ላይ አኖሩት።